አዋሽን ተከትዬ፦ ከጊንጪ እስከ አሳይታ

የወንጂ ልጅ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሸንኮራ ሲያጠጣ ኖሯል። ልጅ ሆኜ ውሃ ማለት በቦይ የሚመጣ ነገር ነበር። ቦዩ ከየት እንደሚነሳ፣ የእኛን መንደር ካለፈ በኋላስ የት እንደሚገባ ጠይቄ አላውቅም። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ከሱ የቀረኝ አንድ አካፋ ነው። እጀታው መዳፉ የሚያርፍበት ላይ ተቦርቡሯል። ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ ያንን አካፋ ከጓዳ አወጣሁትና ፒካፑ ላይ ጫንኩት። ወንዙን ከራስጌው እስከ ግርጌው ልከተለው ወስኛለሁ።

ስለ ዓባይ ሁላችንም ብዙ እናወራለን። አዋሽን ግን በአውቶቡስ መስኮት አይተን እናልፈዋለን። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይነሳል። ከዚያ ባሕር ሳያይ፣ አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። በአገራችን በመስኖ የአዋሽን ያህል የለፋ ወንዝ የለም። የአዲስ አበባን ጥም የሚቆርጡት ገፈርሳና ለገዳዲ እንኳ በሱ ተፋሰስ ውስጥ ናቸው።

አብሮኝ የሄደው የልጅነት ጓደኛዬ ነው። እሱም የወንጂ ልጅ ነው፤ የመስኖ መሐንዲስ ሆኗል። አሮጌዋ ፒካፕ የሱ ናት።

አንደኛ ቀን፦ ጊንጪ

ጊንጪ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው ደጋ ላይ አዋሽ ገና ምንጭ ነው። አንድ እረኛ ልጅ በዱላው ጠቁሞ አሳየን። ዘልዬ ተሻገርኩት። ሁለት እርምጃ አይሞላም። ሣር ለሣር የሚሄድ፣ ጠጠሩ አንድ በአንድ የሚቆጠር ንጹሕ ውሃ ነው።

"አዋሽ ይሄ ነው?" አልኩት።

"ሌላ የለንም" አለኝ ልጁ።

ወደ ታች ሲወርዱ የበቾ ሜዳ ይዘረጋል። ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ጤፉ ነፋስ በነካው ቁጥር ይተኛና ይነሳል። ውሃ በሸሸበት ላይ ሽምብራና ጓያ ተዘርቷል። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ይገነፍልና ሜዳውን ሐይቅ ያደርገዋል። ገበሬው ያንን ያውቃል፤ ጎርፉ ጥሎት በሚሄደው እርጥበት ነው ሽምብራውን የሚያበቅለው።

ጓደኛዬ መኪናውን አቁሞ አንድ ቦረቦር አሳየኝ። ሰው ቆሞ ቢገባበት ራሱ አይታይም። ጫፉ ላይ ያለው ማሳ እየተገመሰ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ገበሬው ድንበሩን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ እንዳሸሸ ነገረን። "ከዚህ የወጣው አፈር የት እንደገባ ነገ ታያለህ" አለኝ ጓደኛዬ።

በዓለም ገና ዞረን ማምሻውን መልካ ቁንጡሬ ደረስን። "መልካ" በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ፣ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ ነው። ጉዞዬን ሁሉ ይህ ቃል ተከተለኝ፦ መልካ ቁንጡሬ፣ መልካ ሰዲ፣ መልካ ወረር። ሰው ከዚህ ወንዝ ጋር መኖር የጀመረው ትናንት አይደለም። ድንጋይ ጠርበው መሣሪያ የሠሩ የጥንት ሰዎች እዚህ ኖረዋል፤ ቦታው በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከድልድዩ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ጠዋት ጠጠሩን የቆጠርኩለት ውሃ ቡና በወተት መስሏል።

ሁለተኛ ቀን፦ ቆቃ

ቆቃ ከመድረሱ በፊት አዋሽን አቃቂ ይቀላቀለዋል። አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ትንሽ ቆይቶ ሞጆ ወንዝም ወደዚሁ ሐይቅ ይገባል፤ የቆዳ ፋብሪካዎች ያሉበት ነው። ሐይቁ ዳር ቆሜ ሳየው አረንጓዴ ነበር፤ ሰው የቀባው የሚመስል አረንጓዴ። ጥጉ ላይ እምቦጭ ተኝቷል። ጣና ላይ መጣ ብለን የጮህንለት እምቦጭ ቆቃ ላይ ከታየ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የቆቃ ግድብ የተሠራው ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ ገንዘብ ነው። በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። 43 ሜጋ ዋት ያህል ያመነጫል። ዛሬ ይህ ትንሽ ቁጥር ነው። ለእኔ ግን የቆቃ ትልቁ ነገር መብራቱ አይደለም። ከቆቃ በፊት አዋሽ ክረምት ላይ አገር ያጥለቀልቅና በጋ ላይ ይከሳ ነበር። ግድቡ የክረምቱን ውሃ ይዞ ለበጋ ማካፈል ሲጀምር ነው ታች ያለው መስኖ ሁሉ መተማመኛ ያገኘው። አባቴ ጥር ላይ ውሃ ያጠጣው በቆቃ ነው። ይህንን ያወቅሁት ገና አሁን ነው።

ሲሠራ 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንዲይዝ ሆኖ ነበር። የዚያን ሲሶ ያህል ደለል ወስዶታል። በቾ ላይ ያየሁት ቦረቦር እዚህ ታች፣ ከውሃው ሥር ተኝቷል። ግድብ በደለል ሲሞላ የሚጎዳው ማጠራቀሙ ብቻ አይደለም። ክረምት ሲበረታ ቶሎ ይሞላና ማስተንፈሻ በሮቹ ይከፈታሉ። ያኔ ታች ያለው ሰው ዕቃውን ይሸከማል።

ዳር ላይ ሽንኩርት የሚያለማ ጎልማሳ አገኘን። ሞተር ፓምፑን በመሸከሚያ አስሮ ሐይቁ ሲሸሽ ይከተለዋል፣ ሲመጣ ይሸሸዋል። ሦስት ኪሎ ቲማቲም ጨመረልን፤ ብር ብንሰጠው እምቢ አለ። "እናንተ የውሃ ሰዎች ናችሁ አይደል? እንግዲያው ይሄን ንገሩልኝ፦ በሩን ሲከፍቱም ሲዘጉም ቀድመው ቢነግሩን ሽንኩርቴ አይሰጥምም፣ አይደርቅምም ነበር" አለ።

ሦስተኛ ቀን፦ ወንጂ

ከአዳማ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ሽታው ቀድሞ ይቀበልሃል። የተቃጠለ ቅጠልና የሞላስ ሽታ። ለሌላው ሰው ይከብዳል፤ ለእኔ የእናት ቤት ነው። ፋብሪካው የክረምቱን ጥገና ጨርሶ ለቆረጣ እየተዘጋጀ ነበር።

ሆላንዶች ወደዚህ የመጡት ኢንዶኔዥያ ነፃ ከወጣች በኋላ ነው። በ1943 ዓ.ም. ተፈራርመው በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያው ስኳር ወጣ። ሜዳው ከዚያ በፊት የጅሌ ኦሮሞ ከብት ግጦሽ ነበር። በልጅነቴ ይህንን የነገረኝ አስተማሪ የለም፤ የነገሩኝ ወተት የሚያመጡልን እናት ናቸው። ሠራተኛው ደግሞ ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ፣ ከየአቅጣጫው መጣ። አባቴም ከነሱ አንዱ ነበር።

ውሃው ከአዋሽ በፓምፕ ይወጣል። ከዚያ በዋናው ቦይ፣ ከዋናው ወደ መጋቢው፣ ከመጋቢው ወደ ፈሩ ይገባል። ማጠጣቱ የቀን ሥራ ስለሆነ ሌሊት የሚመጣው ውሃ በኩሬ ይጠራቀማል። የልጅነት ዋናችን እዚያ ነበር፤ ሲያገኙን ልብሳችንን ይዘው ይሄዱ ነበር።

አባቴ የሠራበት ማሳ ጫፍ ላይ አንድ ወጣት ውሃ አጠጪ አገኘሁ። ቦቲውን እስከ ጉልበቱ ስቧል። ቆሜ አየሁት። መጋቢው ቦይ ሞልቶ ይጠብቃል። ልጁ የፈሩን አፍ የደፈነውን ጭቃ አየት ያደርግና አካፋውን አንዴ ብቻ ያሳርፋል። ደጋግሞ አይመታም፤ ከደጋገመ አፉ ይሰፋና ውሃው ቦዩን ይበላዋል። የተቆረጠውን ጭቃ እዚያው ዳር ያስቀምጠዋል፤ ሲዘጋ መልሶ የሚደፍነው በሱ ነውና። ውሃው መጀመሪያ ያመነታል። አቧራና ደረቅ ቅጠል እየገፋ ይሄዳል። ጫፍ ሲደርስ ቀለሙ ይለወጣል፤ ያኔ ልጁ ሁለተኛውን ይከፍታል። አባቴ ልክ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ጉሮሮዬ ተያዘ፤ ዞር ብዬ ሸንኮራ የማይ መሰልኩ።

አባቴ ማታ ቤት ሲገባ የሚያወራው ስለ ማጠጣት ሳይሆን ስለ ማጠንፈፍ ነበር። እነሱ "ድሬን" ይሉታል። የገባው ውሃ ትርፉ የሚወጣበት ቦይ ማለት ነው። ሣር ሲበቅልበት ይናደድ ነበር። "ያስገባኸው ውሃ መውጫ ካላገኘ ከሥር ይጠብቅሃል" ይል ነበር። ያኔ የሽማግሌ ንጭንጭ ይመስለኝ ነበር።

የወንጂ ልጅ በጥርሱ ይታወቃል ይባላል። የብዙዎቻችን ጥርስ ቡናማ ነው። ምክንያቱ ፍሎራይድ ነው። የስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከጉድጓድ ውሃው ጋር ያወጣዋል። በዕድሜ የገፉት አንዳንዶቹ አጥንታቸውንም ይዟቸው ጎብጠዋል። የወንዙ ውሃ ፍሎራይዱ ዝቅ ያለ ነው። ሸንኮራው የአዋሽን ሲጠጣ እኛ የጉድጓዱን ጠጥተን አደግን። የመስኖ ፕላን ላይ ሄክታርና ሜትር ኩብ ብቻ ሳይሆን የልጆች ብርጭቆም አብሮ ቢቆጠር እላለሁ።

አራተኛ ቀን፦ መተሐራ እና በሰቃ

ከወንጂ በታች ወንዙ አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 የሚባሉትን የመብራት ማመንጫዎች ያዞርና ወደ ቆላ ይወርዳል። በኑራ ኤራ ብርቱካን፣ በመርቲ ቲማቲም አለፍን። ከዚያ የመተሐራ ሸንኮራ። ይሄኛውንም የጀመሩት ሆላንዶቹ ናቸው። የከረዩ አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን የሚያወርድበት የወንዝ ዳር በአንድ በኩል ለሸንኮራው፣ በሌላ በኩል ለአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሄዷል። በኋላ የመጣው የፈንታሌ መስኖ ለነሱ ለራሳቸው ውሃ ለማድረስ የታሰበ ነው። ግመሉን ቦይ ያስጠጣ የነበረ አንድ ከረዩ ወጣት በቆሎውን እያሳየ አስጎበኘን። ኩራቱ ያስደስት ነበር።

በሰቃ ሐይቅን ድሬዳዋ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ጥቁር የተጋገረ የፈንታሌ ድንጋይ ግራና ቀኝ፣ መሃል ላይ መንገዱ፣ ሐይቁ ደግሞ አስፋልቱን ሊልስ ሲቃረብ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ነው። መንገዱም የድሮው የባቡር ሐዲድም በየጊዜው ከፍ ተደርገዋል። ውሃው መሃል የደረቁ ግራሮች ቆመዋል፤ ወፍ ብቻ ነው የሚያርፍባቸው።

ለምን አደገ? ከሥር የሚገባ ፍል ውሃና የመሬቱ እንቅስቃሴ አለበት ይላሉ። ከአጠገቡ ካለው የአባድር እርሻ ሰርጎ የሚመጣ የመስኖ ትርፍም አለበት። ባለሙያዎቹ በድርሻው ይከራከራሉ። እጄን ነክሬ ቀመስኩት። ጨው ነው፤ ጣቴ ላይ ደግሞ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ሐይቁ እንዳይገነፍል ጨዋማው ውሃ በቦይ እየተቀነሰ ወደ አዋሽ ይለቀቃል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ታች ያሉትን ነው። እኛ ያስወጣነው ለነሱ ይገባል።

ማታ አዋሽ ሰባት አደርን። አስተናጋጇ በ2017 ዓ.ም. የነበረውን የመሬት መንቀጥቀጥ ነገረችን። አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ላይ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዷል። እሷም ልጇን አቅፋ ሜዳ ላይ አድራለች። በዚያ ሰሞን ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ከሰም ግድብ ነበር። ግድቡ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ከሥሩ መንደሮች አሉ። "ተራራው ሲጨስ እናያለን፣ ግድቡን ግን ማን ሄዶ ያየዋል?" አለችኝ።

አምስተኛ ቀን፦ አሚባራ

ወረር ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ይጋረፋል። ጥጡ መፈንዳት ጀምሯል። መልካ ወረር ላይ ያለው የምርምር ማዕከል በጥጥ የታወቀ ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም ይህንን ሜዳ ሁሉ ነበር ያሰበው። አሚባራ ላይ ወንዙ ተጠልፎ በዋና ቦይ ወደ መልካ ሰዲና ወደ ወረር ይሄዳል። ፓምፕ አያስፈልገውም፤ ውሃው ራሱ ቁልቁል ይወርዳል። ጓደኛዬ ይህን ሲያይ ፊቱ ይበራል። "ነዳጅ የለ፣ ጄኔሬተር የለ፣ ስበት ብቻ" እያለ ቦዩን በእርምጃው ይለካ ነበር።

ጌቱን የሚጠብቁት አዛውንት ከወሎ የመጡ ናቸው። ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖረዋል። አፋርኛውን እንደ ውሃ ይጠጡታል። የጌቱን መዘውር ሲያዞሩ እያንዳንዷን ጥርስ በቃላቸው ይቆጥራሉ። መዘውሩ ላይ ጨርቅ ጠቅልለዋል፤ ብረቱ በዚህ ፀሐይ እጅ ይልጣል።

"አባባ፣ ሥራው እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"ውሃ ማምጣቱስ ቀሎናል ልጄ" አሉኝ። "ና፣ የከበደንን ላሳይህ።"

አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ወሰዱን። ማሳው በድንገት ነጣ። ከሩቅ ጥጥ የተበተነበት መሰለኝ። ስረግጠው ግን ተንኮሻኮሸ። ጨው ነው። ጎንበስ ብዬ ቅርፊቱን አነሳሁት። የጥፍር ውፍረት አለው፤ ከሥሩ ያለው አፈር እርጥብና ጥቁር ነው፣ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። የፈሩ ጀርባ ላይ የበቀሉት ጥቂት የጥጥ ችግኞች ቅጠላቸው ዳር ዳሩን ተቃጥሏል። አንዷን ነቀልኳት። ሥሯ ወደ ታች ሄዶ ጣት በማታህል ጥልቀት ላይ ወደ ጎን ታጥፏል። መቀጠል አልቻለችም።

ጓደኛዬ እዚያው ቁጢጥ ብሎ አስረዳኝ። መሬቱ ሲጠጣ፣ ትርፉ ውሃ ወደ ታች ይሰርጋል። መውጫ ካላገኘ ከሥር እየተጠራቀመ በየዓመቱ ከፍ ይላል። ወደ ላይ ሲቀርብ ፀሐይዋ ትስበዋለች፤ ጋዝ በኩራዝ ክር እንደሚወጣ። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ውሃ በጨመሩ ቁጥር ጨዉ ይጨምራል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. እዚህ ከመሬት ሥር የማጠንፈፊያ ቱቦ ተቀብሮ ነበር። የሠራበት ቦታ መሬቱ አገግሟል። ግን ቱቦም እንደ ሰው ተንከባካቢ ይፈልጋል። ይደፈናል፣ መውጫው ላይ ያለው ቦይ ሣር ይበቅልበታል። በሺህ የሚቆጠር ሄክታር ተጥሎ ቀርቷል፤ የተጣለውንም ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃማ ዛፍ ወርሶታል።

አባቴ ድሬን ላይ ለምን ይናደድ እንደነበር የገባኝ እዚያ ጨው ላይ ቆሜ ነው። ለዚህ ነው አሁን የምጽፈው። ግድብ ሲመረቅ ሪባን እንቆርጣለን። ቦይ ሲጀመር ድንጋይ እናስቀምጣለን። የማጠንፈፊያ ቦይ ተመርቆ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። የመስኖ ግማሹ ውሃ ማምጣት ነው፤ ሌላው ግማሹ ማስወጣት ነው፤ በጀት ሲያጥር ሁልጊዜ የሚቀረው ይሄ ሁለተኛው ነው። አዛውንቱ ይህን ሳላነሳው ተናገሩት። "ጌቱን ለመጠበቅ እኔን ቀጠሩ፤ ድሬኑን ለመጠበቅ ማንን ቀጠሩ?"

ማታ በረንዳ ላይ በሽቦ አልጋ ተኛን። ትንኝ አላስተኛንም። ቦዩ ሌሊቱን ሙሉ ይሰማ ነበር።

ስድስተኛ ቀን፦ መንገድ

ቀኑን ሙሉ ነዳን። ገዋኔ ላይ አያሉ ተራራ፣ ቀጥሎ ረግረጉ። መንገዱን ግራና ቀኝ የያዘው ፕሮሶፒስ ነው። በደርግ ዘመን በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ነው የገባው። አፋሮች "ደርጊ ሃራ" ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል፤ የእኛንም በሳ። ጎማ ስንቀይር ሁለት ግመል ነጂዎች ወርደው ክሪኩን አብረውን ያዙ። ሀዳር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሉሲ የተገኘችው በ1967 ዓ.ም. ህዳር በዚሁ በአዋሽ ተፋሰስ ነው። በሚሌ አልፈን ሎጊያ ገባን፤ በልተን ተኛን።

ሰባተኛ ቀን፦ ተንዳሆ እና ዱብቲ

ተንዳሆ ግድብ ትልቅ ነው። 1.86 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ፣ 60,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ታስቦ ተሠራ። ከላዩ ሲታይ ሰማያዊው ውሃ ከጠፍጣፋው በረሃ ጋር ዓይን ያጭበረብራል። ታች ወርደን ዱብቲ ስንገባ ግን ዝም አልን። ከታሰበው ሸንኮራ የለማው ጥቂቱ ነው። ያም ቢሆን ደርቆ ያየነው ብዙ ነው። ቦዮቹ አሉ። በኮንክሪት የተለበጡ፣ ሰው ቆሞ የሚሄድባቸው ቦዮች። አንዳንዶቹ ውስጥ ፍየል ጥላ ይዛ ተኝታለች።

ይህ ሜዳ ጥጥ ያውቃል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሚቼል ኮትስ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ እዚህ ጥጥ ጀመረ። ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬም የአፋር ሰው በራሱ መሬት ጥጥ እንዲያለማ አበረታቱ። በ1967 ዓ.ም. እርሻው ተወረሰ፤ ሱልጣኑም አገር ለቀው ሄዱ። ከዚያ የመንግሥት እርሻ፣ ከዚያ ሸንኮራ። በየዘመኑ ሌላ ሰብል፣ ሌላ ፕላን፤ መሬቱና ወንዙ እነዚያው ናቸው።

ጓደኛዬ ቁጣው አልወጣለትም። "ግድብ መሥራት እንችላለን። ያንን አሳይተናል። ቦዩ ጫፍ ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን ማብቀል እንደሚፈልግ፣ ጌቱን ማን እንደሚይዝ ግን ግድቡ ካለቀ በኋላ ነው የምንጠይቀው" አለ። እኔም እንደሱ አስባለሁ። ከግድቡ በፊት እዚህ ክረምት ላይ የሚተኛው ጎርፍ ሲሸሽ ለከብት ሣር ይተው ነበር። ያ ሣር በማንም ሄክታር ውስጥ አልተቆጠረም።

ስምንተኛ ቀን፦ አሳይታ

አሳይታ ሰመራ ሳትቆረቆር የክልሉ ዋና ከተማ ነበረች፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የአውሳ ሱልጣኔት መናገሻ። አዋሽ እዚህ ይደክመዋል። በቴምርና በግራር መሃል ይበታተናል። ከዚያ በገመሪና በአፋምቦ ሐይቆች አልፎ አቤ ይገባል። አቤ ራሱ ካለፈው ምዕተ ዓመት ወዲህ በጣም ሸሽቷል። ወደሱ ለመሄድ ፈቃድም ጊዜም አልነበረንም። እኔ ግን አልቆጨኝም። ጊንጪ ላይ ዘልዬ የተሻገርኩት ወንዝ እዚህም ሰው ሰው ይሸታል።

ወንዝ ዳር ዛፍ ሥር አንድ አዛውንት አገኘን። ባጃጅ ነጂው ልጅ አስተረጎመልን። በአፋር ዳጉ የሚባል ነገር አለ። መንገደኛ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን ሁሉ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነጋገራል። ዜናው እንዲህ ከአፍ ወደ ጆሮ በአጭር ጊዜ አገር ያዳርሳል። እሳቸውም መጀመሪያ የጠየቁኝ ስሜን አልነበረም።

"ከየት ነው የመጣኸው? ወንዙን ከላይ አይተኸዋል?"

አየሁት አልኳቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ደጋው ዘንቧል? በቾ ላይ ውሃው ከሜዳው ሸሽቷል? ቆቃ ሞልቷል? በሩ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ከሰም ደህና ነው? አሚባራ ምን እየዘሩ ነው? ተንዳሆ ውሃው የት ደርሷል? በሕይወቴ እንዲህ የተጠየቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እያንዳንዱን መለስኩ። ስለ ጨዉም፣ ስለ በሰቃም ነገርኳቸው። እያንዳንዱን ሲሰሙ "እህ" ይላሉ።

ለምን እንዲህ እንደሚጠይቁ ገባኝ። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ አዋሽ ሞልቶ ሲመጣ በአፋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሏል። እሳቸው የዚያን ሰሞን ያጡትን ፍየል ቁጥር በጣታቸው አሳዩኝ፤ ጣታቸው አልበቃም። ዜናው ከውሃው በኋላ ነበር የደረሳቸው።

ከዚያ ተራው የሳቸው ሆነ። ዳጉ የሚሰማ ብቻ አይደለም፤ የሚመለስ ነው። ከታች ያለውን ነገሩኝ። የትኛው ቦይ እንደሄደ፣ የትኛው እንደቀረ፣ ማን ማሽላ እንደዘራ፣ የማን ልጅ እንዳገባ። በመጨረሻም የቤተሰባቸው ቦይ አፉ ላይ በደለል እንደተደፈነና ነገ ጎሕ ሲቀድ ሰዉ ለጠረጋ እንደሚወጣ ነገሩኝ።

"መኪናው ላይ አካፋ አይቻለሁ" አሉ።

ዘጠነኛ ቀን፣ ጠዋት

መመለሻችንን ለከሰዓት አዛወርነው። ፀሐይ ሳትወጣ ሃያ የምንሆን ሰዎች ቦዩ አፍ ላይ ነበርን። ደለሉ እርጥብ ነው፣ አካፋ ላይ ይጣበቃል፤ በየመሃሉ በእንጨት እየፋቅን ነው የዛቅነው። አፋሮቹ እያዜሙ ይሠራሉ። ጓደኛዬ ሱሪውን ጠቅልሎ ዘቅዘቅነቱን በዓይኑ ይለካል፤ "እዚህ ጋ ትንሽ ጥለቅ" እያለ በምልክት ያሳያል። መዳፌ ፊኛ አወጣ። ቦርቡራው ለአባቴ እጅ እንጂ ለእኔ አልገጠመም።

ሦስት ሰዓት ላይ ከወንዙ የሚለየን አንድ ክንድ የማይሞላ ጭቃ ብቻ ቀረ። አዛውንቱ ልጆቹን ከቦዩ አስወጧቸው። ወደ እኔ ዞረው በእጃቸው ጭቃውን አመለከቱኝ።

አንዴ ብቻ አሳረፍኩት። የተቆረጠውን ጭቃ ዳር አስቀመጥኩት። ውሃው መጀመሪያ አመነታ፣ ከዚያ አቧራና ደረቅ ቅጠል እየገፋ ገባ።